የተቆለፈው ቀፎና ቁጥር 636

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከልብሱና ከሽቶው መካከል የሞባይል ስልክ መውጣቱ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። ስጦታው የደረሰው ሰው ደስ ብሎት ሲም ካርዱን ያስገባል፤ ስልኩ ግን ካርዱን አልቀበልም ይላል፤ ወይም የመክፈቻ ኮድ ይጠይቃል። በማግስቱ ጉዞው ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ወደ ገርጂ ወይም ወደ መገናኛ የስልክ ጥገና ቤቶች ይሆናል። «ዲኮድ አድርጉልኝ» የሚለው ቃል በከተማችን ከተለመደ ሰንብቷል። ለመሆኑ የተቆለፈው ምንድን ነው? ቆላፊውስ ማን ነው?

በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የቴሌኮም ድርጅቶች ቀፎውን ከዋጋው ባነሰ ሂሳብ ወይም በረጅም ጊዜ ክፍያ ለደንበኛ ይሰጣሉ። ወጪያቸውን የሚመልሱት ከወርኃዊው ክፍያ ስለሆነ፣ ደንበኛው ቀፎውን ይዞ ወደ ተፎካካሪ እንዳይሻገር ይቆልፉታል። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀመር ድርጅቱ አንድ ብቻ ነበርና እንዲህ ያለ ቁልፍ አላስፈለገም። ሁለተኛው ድርጅት፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እስከዚያ ድረስ ቁልፉ በሻንጣ የሚገባ እንግዳ ነበር ማለት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ እስከ 15 አኃዝ የሚደርስ መለያ ቁጥር በውስጡ ይዟል። የመጀመሪያዎቹ 3 አኃዞች አገርን፣ ቀጥለው የሚመጡት 2 ወይም 3 አኃዞች ደግሞ ድርጅቱን ያመለክታሉ። የኢትዮጵያ ቁጥር 636 ሲሆን፣ 63601 ኢትዮ ቴሌኮምን፣ 63602 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ይወክላል። የአሜሪካ ካርዶች ግን እንደ 310 እና 311 ባሉ ቁጥሮች ይጀምራሉ። የተቆለፈ ቀፎ ሲበራ ይህን ቁጥር አንብቦ ከተፈቀደለት ጋር ያስተያያል፤ 310ን ሲጠብቅ 636ን ካገኘ በሩን ይዘጋል። እንግዲህ በቀፎው ላይ የተሰበረ ወይም የጎደለ ነገር የለም፤ ቁልፉ ያለው በሶፍትዌሩ ውስጥ ነው።

የመክፈቻው ኮድ ለየቀፎው የተለየ ነው። በ*#06# የሚታየው ባለ15 አኃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር ተሰጥቶ ኮዱ ከቆለፈው ድርጅት ይጠየቃል። በቀድሞዎቹ የኖኪያ ቀፎዎች ኮዱ ከዚሁ ቁጥርና ከድርጅቱ መለያ በስሌት ይገኝ ስለነበር፣ የስሌቱ ምሥጢር ከታወቀ በኋላ በኮምፒውተር ማውጣት ተችሏል። እንደ አይፎን ባሉት ግን ፈቃዱ የሚመዘገበው በአምራቹ ሰርቨር ላይ ነው።

በግምት መሞከር አያዋጣም። 8 አኃዝ ያለው ኮድ 100 ሚሊዮን አማራጮች አሉት፤ 5 ሙከራ ብቻ ቢፈቀድ የመሳካቱ ዕድል ከ20 ሚሊዮን አንድ ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ ትክክለኛው ኮድ ቢመጣ እንኳ ቀፎው ላይቀበለው ይችላል። ከመካከላችን አንዱ፣ እኅቱ በሰው አገር ደክማ ከገዛችለት ቀፎ ጋር ይህ ደርሶበታል። ኮዱን በመገመት የሞከረው ባለሙያ ይቅርታ ጠይቆ መለሰለት፤ ስልኩ ዛሬ የሚያገለግለው ሰዓት ለማየት ነው።

ቁልፉ ተከፈተ ማለት ግን ስልኩ ሠራ ማለት አይደለም። የእኛ የጂ.ኤስ.ኤም. አገልግሎት በ900 እና በ1800 ሜጋ ኸርዝ ሲሠራ፣ የአሜሪካው በ850 እና በ1900 ነበር። ለእነዚያ ሁለቱ ብቻ የተሠራ ቀፎ ቢከፈትም እዚህ ሞገድ አያገኝም። እንዲሁም በስርቆት ምክንያት የታገደ ቀፎ ጉዳይ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። «የመለያ ቁጥሩን ልቀይርልህ» የሚል ሰው ቢያጋጥም፣ ነገሩ ቁልፍ መክፈት ሳይሆን የሰው ንብረት መደበቅ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባል።

ዓለም ወደ መክፈቱ እያደላ ነው። አሜሪካ ደንበኛ ቀፎውን አስከፍቶ ወደ ሌላ ድርጅት እንዲዛወር የሚፈቅድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣች። ካናዳ በ2017፣ ብሪታንያ በ2021 ድርጅቶች የተቆለፈ ቀፎ እንዳይሸጡ ከልክለዋል።

ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን። ቀፎ ሊልክልን ያሰበ ዘመድ ካለ፣ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁንና ቁልፉ መከፈቱን ገና እዚያው ሳለ ከድርጅቱ እንዲያረጋግጥ፣ የሚሠራባቸውንም የሞገድ ቁጥሮች እንዲያነብልን እንጠይቀው። ጥያቄው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ቀፎው ቦሌ ካረፈ በኋላ ግን ያው ጥያቄ ገንዘብ ያስወጣል፤ አንዳንዴም መልስ አያገኝም።