በቆዳ ላይ የሚታይ ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ስሜት ማረጋጊያ መድኃኒቶች ማወቅ የሚገባን

ስሜታቸው ከልክ እያለፈ አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥተው በደስታ የሚከንፉ፣ ገንዘባቸውን ያለ ሐሳብ የሚበትኑ፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ከአልጋ መነሣት የሚያቅታቸውና መኖርን እስከ መጥላት የሚደርሱ ሰዎች በየሰፈራችን አሉ። ሐኪሞች ይህን ሕመም ባይፖላር ይሉታል። ቀድሞ እንዲህ ያለውን በሽተኛ ከማሰርና ከመደበቅ በቀር ብዙ የሚደረግለት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ኬድ የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም ሊቲየም የተባለው ጨው በሽተኞችን እንደሚያረጋጋ ካስታወቀ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ከዚያም በኋላ አስቀድሞ ለሚጥል በሽታ ይሰጡ የነበሩ ሌሎች መድኃኒቶች፣ ይኸውም ካርባማዜፒን፣ ቫልፕሮዬትና ላሞትሪጂን፣ ስሜትን ለማረጋጋት ይሰጡ ጀመር። በእነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ሰዎች ወደ ሥራቸውና ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰዋል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ከአንዳንዶቹ ጋር አልፎ አልፎ የሚመጣ አንድ ከባድ ጉዳት አለ። የሚጀምረውም በቆዳ ላይ ነው። የሚያገኘው ጥቂት ሰዎችን ብቻ ቢሆንም፣ ሲያገኝ ሕይወት ሊያጠፋ፣ ዓይንም ሊያሳውር ይችላል። ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምንጽፍላችሁ ማንም ሰው መድኃኒቱን ፈርቶ እንዲጥል አይደለም። ሕመሙ ራሱ ካልታከመ ብዙዎችን ለሞት ያደርሳልና። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን የሚያውቅ ቤተሰብ በጊዜ ይደርሳል፤ የማያውቅ ቤተሰብ ግን ውድ የሆኑ ቀናትን ያባክናል።

ሕመሙ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1922 ስቲቨንስና ጆንሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች በኒውዮርክ ያዩአቸውን የሁለት ወንዶች ልጆች ሕመም ጽፈው አስታወቁ። ልጆቹ ብርቱ ትኩሳት ነበራቸው፤ ሰውነታቸው በሽፍታ ተሸፍኖ፣ አፋቸው ቆስሎ፣ ዓይናቸውም ክፉኛ ታሞ ነበር። ሕመሙም በሐኪሞቹ ስም ስቲቨንስ ጆንሰን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ አለን ላየል የተባለ የስኮትላንድ የቆዳ ሐኪም ቆዳቸው በፈላ ውሃ እንደ ተቃጠለ ሰው የሚገፈፍ በሽተኞችን ገለጸ።

ዛሬ ሐኪሞች ሁለቱ አንድ ሕመም መሆናቸውን ተረድተዋል፤ የሚለያዩት በስፋታቸው ነው። ከሰውነት ቆዳ ከ100 እጅ ከ10 እጅ ያነሰው ሲላጥ ስቲቨንስ ጆንሰን ይባላል። ከ30 እጅ በላይ ሲላጥ ላየል የገለጸው ከባዱ ዓይነት ነው። በመካከሉ ያለው የሁለቱ ድብልቅ ተብሎ ይቈጠራል። በቀላሉ ዓይነት ከተያዙት ከአሥር ሰዎች አንድ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሱት ይሞታሉ፤ በከባዱ ከተያዙት ግን ከሦስት አንድ ያህሉ።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ሰውነታችን በሽታን የሚዋጉለት ሕዋሳት አሉት። እነዚህ ዘበኞች እንግዳ የሆነውን ከቤተኛው ለይተው እንግዳውን ያጠፋሉ። በጥቂት ሰዎች ግን መድኃኒቱ ሲገባ ዘበኞቹ ይሳሳታሉ፤ የገዛ ቆዳቸውን እንደ ጠላት ቈጥረው ይነሡበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታይዋን ተመራማሪዎች ከበሽተኞች ቆዳ ላይ ውሃ ከቋጠረው ቁስል ፈሳሽ ወስደው ሲመረምሩ፣ ግራኑላይሲን የተባለ ሕዋስ ገዳይ ንጥረ ነገር በብዛት አገኙበት። ይህም ዘበኞቹ የሚተኩሱት ጥይት ነው ሊባል ይችላል። የላይኛው ቆዳ ሞቶ ከታችኛው ይለያል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ በጣት ሲነካም ይላጣል። የአፍ፣ የዓይን፣ የጉሮሮና የብልት ስስ ቆዳም እንዲሁ ይቆስላል።

ዘበኞቹ ይህን ስሕተት ለመሥራት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ ይመጣል። «ሁለት ሳምንት ወስጄው ምንም አልሆንሁም» ማለት እንግዲህ ዋስትና አይደለም።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው?

በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚታወቁት ላሞትሪጂንና ካርባማዜፒን ናቸው። ላሞትሪጂን ከሚወስዱ ከአሥር ሰዎች አንድ ያህሉ ቀላል ሽፍታ ይወጣበታል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ይጠፋል። ከባዱ ሽፍታ ግን በምርመራ ላይ ከነበሩ የስሜት ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች ከ1,000 ሰዎች አንድ ያህሉን ብቻ አግኝቷል። በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ይልቅ ይበዛል። ችግሩ ቀላሉና ከባዱ ሲጀምሩ ሊመሳሰሉ መቻላቸው ነው።

ቫልፕሮዬት ብቻውን ሲሰጥ ይህን ጉዳት እምብዛም አያመጣም። ሆኖም ላሞትሪጂን ከሰውነት እንዳይወጣ ያዘገየዋል፤ በደም ውስጥ ያለውንም መጠን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ አደጋው ይጨምራል። ሊቲየም ቆዳ ላይ ብጉር ሊያወጣ ቢችልም በዚህ ከባድ ሕመም የሚጠረጠር መድኃኒት አይደለም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ግን የካርባማዜፒን ዘመዶች ናቸውና ተመሳሳይ ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ኮትሪሞክሳዞልን የመሰሉ የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ለኤች.አይ.ቪ. ይሰጥ የነበረው ኔቪራፒንና ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል በዚሁ ይታወቃሉ።

ከታይዋን የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2004 የታይዋን ሐኪሞች አንድ አስደናቂ ነገር አገኙ። ካርባማዜፒን ወስደው በዚህ ሕመም የተያዙ 44 ሰዎችን መርምረው፣ 44ቱም ኤች.ኤል.ኤ.-ቢ 1502 የተባለ በዘር የሚወረስ ምልክት በደማቸው አገኙ። መድኃኒቱን ወስደው ምንም ካልሆኑት ሰዎች ግን ይህ ምልክት የነበራቸው በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ 5,000 ያህል ሰዎች ካርባማዜፒን ከመጀመራቸው በፊት ደማቸው ተመረመረ፤ ምልክቱ ለተገኘባቸው ሌላ መድኃኒት ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ምርመራው ባይደረግ አሥር ያህል ሰዎች ይታመሙ ነበር ተብሎ ሲገመት፣ አንድም ሰው አልታመመም።

ይህ ምልክት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ የሚበዛ ሲሆን በአፍሪካና በአውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ እምብዛም አይገኝም። ይህ ማለት ግን እኛ ከአደጋው ነጻ ነን ማለት አይደለም፤ ምልክቱ የሌለበትም ሰው ሊታመም ይችላል። እንግዲህ ለእኛ ሰዎች አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ የደም ምርመራ ከመጠበቅ ይልቅ ሁለት ነገሮች ይጠቅማሉ፤ እነርሱም ቀስ ብሎ መጀመርና ነቅቶ መጠበቅ ናቸው።

ቀስ ብሎ መጀመር

ላሞትሪጂን በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ሲጨመር ከባዱ ሽፍታ ይቀንሳል። በተለመደው አሠራር አንድ አዋቂ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን 25 ሚሊግራም፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በቀን 50 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ይጨመርለታል። ቫልፕሮዬት አብሮ የሚወስድ ከሆነ ግን የሚጀምረው በየሁለት ቀኑ 25 ሚሊግራም ነው። ብዙ በሽተኞች «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብለው በራሳቸው ይጨምራሉ። ይህ አዝጋሚ ጉዞ ግን የሐኪሙ ስስት ሳይሆን የበሽተኛው መከላከያ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባው ስለ ማቋረጥ ነው። መድኃኒቱ ከመደብር ይጠፋል፣ ገንዘብ ያጥራል፣ ሰው መንገድ ይሄዳል፤ በጸሎት ወይም በጠበል ድኛለሁ ብሎም የሚተው አለ። ከቀናት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ የተቀመጠውን ኪኒን አንሥቶ በቀድሞው ልክ ይውጣል። ላሞትሪጂንን አምስት ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያቋረጠ ሰው በቀድሞው መጠን መጀመር የለበትም። ሐኪሙን ጠይቆ እንደ አዲስ ከትንሹ ይጀምር። ጸሎትና መድኃኒት የሚጣሉ አይደሉም፤ የሚጸልይ ሰውም መድኃኒቱን ከመተዉ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከውን ወይም ጎረቤት የተረፈውን ኪኒን መውሰድም እንደዚሁ አደገኛ ነው።

የአደጋው ምልክቶች

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ጉንፋን መስሎ ይጀምራል። ትኩሳት፣ ድካም፣ የጉሮሮ ሕመምና የዓይን ማቃጠል ይቀድማሉ። ቀጥሎም ከንፈርና አፍ ይቆስላሉ። በአገራችን ይህን ያየ ቤተሰብ «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ መጭመቁ የተለመደ ነው። ምች የሚባለው ነገር ሁሉ ይህ ሕመም ነው አንልም። ነገር ግን በሽተኛው ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ፣ ምች ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። የሚከተሉት ሲታዩ ነገሩ አስቸኳይ ነው፦

1. ከሽፍታ ጋር ትኩሳት ሲኖር፤
2. አፍ፣ ከንፈር፣ ዓይን ወይም ብልት ሲቆስል፤
3. ቆዳው ሲያቃጥልና ሲያም፣ በተለይም ከሚያሳክከው ይልቅ የሚያመው ሲበዛ፤
4. ቆዳው ውሃ ሲቋጥር ወይም ሲላጥ፤
5. ፊት ሲያብጥ ወይም በአንገትና በብብት ዕጢ ሲወጣ።

ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ሽፍታው እንደ መጽሐፍ ሥዕሎቹ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። የጠቆረ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ጠይቁ፤ የአፉንም ውስጥ ተመልከቱ።

ምን እናድርግ?

ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱ ከታየ የሚጠረጠረውን መድኃኒት እንደገና ሳይውጡ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ሌላ ምልክት የሌለው ሽፍታ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ይታይ፤ የሚቀጥለውም ኪኒን ከሐኪሙ ቃል በፊት አይዋጥ። «እስከ ቀጠሮዬ ልቆይ» አይባልም። ጥፋተኛው መድኃኒት ቶሎ በቆመ መጠን የመትረፍ ተስፋው ይጨምራልና። ሌሎቹን መድኃኒቶች ሁሉ በፍርሃት በአንድ ጊዜ መጣል ግን ሌላ አደጋ ያመጣል፤ ስሜቱ ሊናወጥ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሊወድቅ ይችላል። የትኛው ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል።

ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱ የተጀመረበትንም ቀን ተናገሩ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ ቅቤም ሆነ ቅጠል አትቀቡ። በሆስፒታል በሽተኛው እንደ ተቃጠለ ሰው ይታከማል፤ ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ ቁስሉ ከመመረዝ ይጠበቃል፣ ሕመሙ ይታገሥለታል። ዓይኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዓይን ሐኪም መታየት አለበት፤ ቆዳው ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ ዓይንን ሊያደርቅና ሊያሳውር ይችላልና።

ከዳነ በኋላ

ከዚህ ሕመም የተረፈ ሰው ያንን መድኃኒት በሕይወቱ ዳግመኛ መውሰድ የለበትም። ለካርባማዜፒን ዘመዶችም መጠንቀቅ አለበት። የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይያዝ፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ይወቅለት። የክሊኒክ ሠራተኛ ከዓመታት በኋላ «የማይስማማህ መድኃኒት አለ?» ሲለው የሚመልሰው ቃል ሕይወቱን ያድናል።

ይህ ማለት ግን ያለ ሕክምና ይቀራል ማለት አይደለም። ሊቲየምን የመሳሰሉ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ሐኪሙም ለእርሱ የሚስማማውን ይፈልግለታል።

በመጨረሻም ለቤተሰብና ለወዳጅ አንድ ቃል እንጨምራለን። ሐዘን የተጫነው ሰው የገዛ ቆዳውን ላይመለከት ይችላል፤ ደስታ ከልክ ያለፈበትም ሕመሙን ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተጀመረ ባሉት ሁለት ወራት አንድ የቅርብ ሰው ዘወትር ይመልከተው፤ «አፍህን አሳየኝ፣ የሚያቃጥልህ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቀው። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በጊዜ ከተጠየቀ ግን የሰው ነፍስ ያተርፋል።