የመጋዘን ትእዛዝ መቼ ይላክ?

በጦር ሰፈርም ሆነ በከተማ ገበያ የንብረት ክፍል ኃላፊን ዘወትር የሚፈትኑ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱም ምን ያህል ይታዘዝ? መቼስ ይታዘዝ? የሚሉት ናቸው። የነገ ፈላጊ ብዛት አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ መልሱ ቀላል ሒሳብ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን አይታወቅም።

ስንቅን በጊዜው አለመተካት የሚያስከትለውን አደጋ የዓድዋ ዘመቻ በሚገባ ያስረዳል። በ1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ስንቁን ከምፅዋ ወደብ እያጓጓዘ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ሰፈሩ ያደርስ ነበር። በየካቲት ወር መጀመሪያ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከጠላት ወገን ተለይተው የስንቁን መሥመር ማጥቃት ጀመሩ። የካቲት 21 ቀን ጄኔራል ባራቲዬሪ የብርጋዴ አዛዦቹን ሰብስቦ የቀረው ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደሚበቃ ገለጸላቸው። ከሮማ ይደርስበት ከነበረው ግፊት ጋር ይኸው የስንቅ መመናመን ወደ ውጊያ ገፋው፤ የካቲት 23 ቀንም ድል ተመታ። የአፄ ምኒልክ ሠራዊትም ቢሆን በስንቅ እጥረት ተጨንቆ ነበር። ስንቅ ያለቀበት አዛዥ የሚዋጋበትን ቀን የመምረጥ ነፃነት የለውም።

ይህ ሐቅ ለዛሬው መጋዘንም ይሠራል። አንድ የዱቄት መጋዘን በቀን በአማካይ 20 ኩንታል ያወጣል፤ ትእዛዝ ከተላከ በኋላም ዱቄቱ በ10 ቀን ይደርሳል እንበል። እንግዲህ 200 ኩንታል ሲቀር ማዘዝ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ፈላጊ በዝቶ የቀኑ ወጪ 25 ኩንታል ቢደርስ፣ በክረምት ጭቃ ምክንያትም መኪናው 4 ቀን ቢዘገይ፣ ክምችቱ በ8 ቀን አልቆ ሕዝቡ 6 ቀን ሙሉ ያለ ዱቄት ይቀራል። ይህን ለመከላከል 150 ኩንታል መጠባበቂያ ታክሎ 350 ኩንታል ሲቀር መታዘዝ ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ መጠባበቂያ ሲበዛም ጉዳት አለው። ዱቄት ይነቅዛል፤ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል፤ ገንዘብም ያለ ሥራ ይታሰራል። ስለዚህ መጥፋቱ ሕይወት ለሚያሳጣው መድኃኒት ሰፊ መጠባበቂያ፣ ለጥቂት ቀን ቢታጣ ለሚቻለው ዕቃ ግን ጠባብ መጠባበቂያ መያዝ ተገቢ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊዘነጋ የማይገባው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ሞዴል 22 የሚመሰክረው የወጣውን ዕቃ እንጂ ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው መጋዘን በ30 ቀን ውስጥ 24ቱን ቀን 25 ኩንታል ወጥቶ 6ቱ ቀን ባዶ ቢውል፣ ጠቅላላው ወጪ 600 ኩንታል ይሆናል። ይህን ለ30 ያካፈለ ጸሐፊ አማካዩ ዛሬም 20 ነው ብሎ ያንኑ ያዝዛል፤ እጥረቱም ይደገማል። መካፈል የሚገባው ዕቃ ለነበረባቸው 24 ቀናት ብቻ ነው። ዕቃ አጥተው የተመለሱትም በተለየ መዝገብ ሊጻፉ ይገባል።

በሌላ በኩል ጠያቂውም ኃላፊነት አለበት። እጥረት ፈርቶ 50 ለሚበቃው ክፍሉ 100 የሚጠይቅ የክፍል አዛዥ፣ ወሬ ሰምቶ የሦስት ወር አስቤዛ በአንድ ቀን የሚሸምት የከተማ ነዋሪ፣ የፈሩትን እጥረት ራሳቸው ይፈጥራሉ።

እንግዲህ የንብረት ክፍል ኃላፊ ትክክለኛ መዝገብ ይያዝ፤ ጠያቂም የሚያስፈልገውን ብቻ ይጠይቅ። መጋዘኑ ከተራቆተ በኋላ የሚላክ የአስቸኳይ ቴሌግራም፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመሆን አያልፍም።