በአንድ ደወል የሚጸልዩ

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እድሩ ነው። ኦርቶዶክሱ ይመጣል፣ ካቶሊኩ ይመጣል፣ ፕሮቴስታንቱም ይመጣል። አብረን እናለቅሳለን፤ ንፍሮውንም አብረን እንቆረጥማለን። ጸሎት ሲሆን ግን እንለያያለን። አንዱ ሲጸልይ ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል፤ ወይም ከድንኳኑ ይወጣል።

ክርስቲያኖች ሳይለያዩ አብረው መጸለይ ይችላሉ? ዛሬ በዚህ ጥያቄ ምክንያት ስሟ ስለታወቀ አንዲት የገጠር መንደር እናወራችኋለን። መንደሯ ያለችው በፈረንሳይ አገር ነው። ስሟ ታይዜ ይባላል። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጊዜው ነሐሴ 1940 ነበር። የጀርመን ጦር ፈረንሳይን አሸንፎ ሰፊውን መሬት ይዟል። ታይዜ ጀርመኖች ካልያዙት በኩል ነበረች፤ ወሰኑ ግን ሩቅ አልነበረም። በዚያ ወር አንድ የ25 ዓመት ወጣት በብስክሌት ወደ መንደሯ መጣ። ስሙ ሮዤ ነው። አገሩ ስዊዘርላንድ፣ አባቱም የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። የተለያዩ ክርስቲያኖች የሚታረቁበት፣ አብረው የሚኖሩበት ቤት ይፈልግ ነበር። ድሃ መንደር ነበረች። ሰው የማይኖርበት አንድ አሮጌ ቤት አገኘና ገዛው።

ነገር ግን ቤቱን መጀመሪያ የሞሉት መነኮሳት አልነበሩም። ከጦርነቱ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። አይሁዶችም ነበሩባቸው። አይሁድን የደበቀ ሰው ቢያዝ ምን እንደሚደርስበት ሮዤ ያውቃል። ቢሆንም ደበቃቸው። እህቱም መጥታ ታግዘው ነበር።

ሮዤ በዚያን ጊዜ ይጸልይ የነበረው ብቻውን ነው። «ቤቱ አስጠልሎናልና እንደሱ መጸለይ አለብን» ብለው እንግዶቹ እንዳይጨነቁ ሰጋ። ስለዚህ ከቤቱ ርቆ፣ ጫካ ገብቶ ይዘምር ነበር። እኛ ከታሪኩ ሁሉ ይህን ወደድንለት። የጋራ ጸሎት ፈልጎ የመጣ ሰው ማንንም ወደ ጸሎት አልጎተተም።

በ1942 ነገሩ ታወቀበት። ቶሎ ውጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ሮዤ አገሩ ቆይቶ በ1944 ከጥቂት ወንድሞች ጋር ተመለሰ። ወንድሞች ስንል የሥጋ ወንድሞቹን ማለታችን አይደለም፤ የማኅበሩ አባሎች እንዲህ ነው የሚጠሩት።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። በታይዜ አካባቢ የጀርመን ምርኮኞች የታሰሩበት ሰፈር ነበረ። ትናንት አሳዳጅ የነበረው ዛሬ ታስሮ ተራበ። ወንድሞች አስፈቅደው እሑድ እሑድ ምርኮኞቹን ይጠሯቸው ጀመር። ያለቻቸውን ትንሽ ምግብ አካፈሏቸው፤ አብረዋቸውም ጸለዩ። ባሏን ወይም ልጇን በጦርነቱ ያጣች ጎረቤት ይህን ስታይ ምን ብላ ይሆን? ቀላል ነበር ብለን አንዋሻችሁም።

የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን የካቶሊኮች ነበረች። ወንድሞች ደግሞ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1948 እዚያ እንዲጸልዩ ተፈቀደላቸው። የፈቀዱት በፓሪስ የነበሩት የቫቲካን መልእክተኛ ናቸው። እኚህ ሰው በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ተብለዋል። በ1949 በፋሲካ ሰባት ወንድሞች ለዕድሜ ልክ ቃል ገቡ፤ ሳያገቡና ገንዘብ ሳያከማቹ በአንድነት ሊኖሩ ነው። ፕሮቴስታንት መነኩሴ አለ እንዴ? ትሉ ይሆናል። በአገራቸውም ብዙ ሰው እንደናንተ ተገርሞ ነበር። ከ1969 ጀምሮ ካቶሊኮችም ገቡ። ዛሬ ወንድሞቹ ከብዙ አገሮች የመጡ ወደ 80 ሰዎች ናቸው። ስጦታ አይቀበሉም። ሸክላ ይሠራሉ፣ መጽሐፍ ያሳትማሉ፤ በዚያ ይተዳደራሉ።

ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡን አልበቃ አለች። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በ1962 ተመረቀ፤ ስሙም የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሲሠራ ጉልበታቸውን የሰጡት ወጣት ጀርመኖች ናቸው። አገራቸው በጦርነቱ ስላደረሰችው በደል ካሣ ይሁን ብለው ነው የመጡት። በ1971 ደግሞ ለፋሲካ የመጣው ሰው እጅግ በዛ። ወንድሞች የኋላውን ግድግዳ አፍርሰው ትልቅ ድንኳን ቀጠሉበት።

ጸሎቱ እንዴት ያለ ነው? ደወሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይደወላል፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ። ሥራ ይቆማል። አብዛኛው ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል። መዝሙሩ አጭር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት መስመር ቢሆን ነው። ያንኑ ደጋግመው ይዘምሩታል። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ፣ ማንበብ የማይችልም ሰው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ይይዘዋል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ይነበባል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፤ ብዙ ደቂቃ። ስብከት የለም። ዓርብ ማታ መስቀሉን መሬት ላይ ያጋድሙታል። ሰዉ ተራ በተራ እየተንበረከከ ግንባሩን እንጨቱ ላይ ያሳርፋል። እዚያ ላይ ማን ካቶሊክ፣ ማን ፕሮቴስታንት፣ ማን ኦርቶዶክስ እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ሁሉ ነገር ተስማማ ማለት ግን አይደለም። አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አልተስማሙም። በታይዜም ለማይቆርብ ሰው የተባረከ ዳቦ ይሰጠዋል እንጂ ልዩነቱ አልጠፋም። አብሮ መጸለይ የሃይማኖትን ክርክር አይፈታም። ወንድሞቹ ያሉት ክርክሩ እስኪፈታ ድረስ ጸሎቱ ለምን ይጠብቃል ነው። እኛም ይህ ጥያቄ ትክክል ይመስለናል።

እስካሁን አንተ ስንለው የነበረው ወጣት በ2005 90 ዓመት ሞላው። ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው። ነሐሴ 16 ቀን ወንድም ሮዤ እንደ ልማዳቸው ለማታ ጸሎት ተቀምጠዋል። በቤቱ ወደ 2,500 ሰው ነበር፤ አብዛኛው ወጣት። አንዲት የአእምሮ ሕመም ያለባት ሴት ከኋላቸው መጥታ በቢላዋ ወጋቻቸው። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ቀብሩ በሳምንቱ ሆነ። የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ለሆኑት ሰው ጸሎቱን የመሩት የካቶሊክ ካርዲናል ናቸው። የጀርመን ፕሬዚዳንትም መጥተው ከለቀስተኛው መካከል ነበሩ። በሟቹ ቦታ የተተኩት ወንድም አሎይስ ይባላሉ፤ ካቶሊክ ናቸው፤ የተወለዱትም ጀርመን ነው። ወንድም አሎይስ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሙ። የገደለችውን ሴት ስም ጠርተው፣ ያደረገችውን አላወቀችምና እግዚአብሔር ይቅር እንዲላት ጸለዩ።