ስሙ ያልተጻፈው ሠዓሊና የሰቆጣ የነሐሴ አደባባይ

ኮሚክ መጽሐፍ የሚባለው ታሪክን በተከታታይ የሥዕል ሳጥኖች እየከፋፈለ፣ ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩትን ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ ውስጥ እየጻፈ የሚተርክ የኅትመት ዓይነት ሲሆን፣ የዚህ ኅትመት አፍቃሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰባሰቡበት ትልቅ ጉባኤ ደግሞ በብዙ አገሮች «ኮሚክ ኮን» በሚል አጭር ስም ይታወቃል። በዚህ ጉባኤ «እንግዳ» ተብሎ የሚጋበዘው ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ሳይሆን መጽሐፉን የሠራው ሰው ነው፤ ታሪኩን የጻፈው ደራሲ፣ በእርሳስ የነደፈው ሠዓሊ፣ ንድፉን በቀለም ያደመቀው፣ በአረፋው ውስጥ ፊደል ያሰፈረው ባለሙያ ሁሉ እንግዳ ሊባል ይችላል። አንባቢው ለዓመታት በገጽ ላይ ብቻ የሚያውቀውን እጅ በአካል የሚያገኘው በዚያ ነው።

እንግዳው የሚቀመጠው ከፍ ካለ መድረክ ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተራ ጠረጴዛ ኋላ ነው። ከፊቱ የታተሙ መጻሕፍቱ ይደረደራሉ፣ በጎኑ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጥቁር ቀለምና ወፍራም ወረቀት ይቀመጣሉ፤ ተሰልፎ የቆየው አንባቢ ደርሶ መጽሐፉን ሲያስፈርም ሠዓሊው ብዙ ጊዜ አንድ ፊት ነድፎ ይሰጠዋል። ታዳጊው ቆሞ የሚያየው ነገር ቀላል ይመስላል፤ አስቀድሞ የጭንቅላቱ ቅርጽ በደብዛዛ እንቁላል ይሠራል፣ ቀጥሎ ዓይኖቹ የሚያርፉበት መስመር በመካከሉ ይሰመራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዓይንና አፍንጫ ይመጣሉ፣ በመጨረሻም ጥቁሩ ቀለም በእርሳሱ ላይ ያልፍና ላጲሱ የቀረውን ጠርጎ ያነሳዋል። ይህን በቅርብ ያየ ልጅ ሥዕሉ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በቅደም ተከተል የሚሠራ፣ የሚሳሳትና የሚታረም ሥራ መሆኑን ይረዳል፤ የጉባኤው ትልቁ ጥቅምም ከፊርማውና ከሽያጩ ይልቅ ይኸው መሆኑ ሊጤን ይገባል። ከዚህ ሌላ እንግዶች ከታዳሚ ጋር በጥያቄና መልስ ይወያያሉ፣ አንዳንዶቹም ጀማሪዎች ይዘዋቸው የሚመጡትን ሥዕሎች እየገለጡ አስተያየት ይሰጣሉ።

ይህ ልማድ የተወለደው የሠሪው ስም ተደብቆ በኖረበት የኅትመት ዓለም ውስጥ ነው። በአሜሪካ የዳክዬ ታሪኮችን ለዓመታት የጻፈውና የሳለው ካርል ባርክስ መጻሕፍቱ የሚታተሙት በዋልት ዲዝኒ ስም ብቻ ስለነበረ ማንነቱ ለአንባቢ የማይታወቅ ሰው ነበር፤ ሆኖም ልጆች የእጁን ልዩነት ለይተው «ጥሩው የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት የነበረ ሲሆን፣ ትክክለኛ ስሙን አፈላልገው ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የደረሰባቸው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የገጸ ባሕርዩን መብት በ130 ዶላር ሸጠው፣ ሌሎች በሥራቸው ሲበለጽጉ እነርሱ በችግር ከኖሩ በኋላ፣ የሙያ ባልደረቦቻቸውና የሕዝብ ግፊት ተጨምሮበት እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ዓመታዊ ጡረታና ስማቸው በሥራው ላይ እንዲጻፍ የሚያደርግ ስምምነት ለማግኘት በቅተዋል። አንባቢዎች ሠዓሊን ፈልገው መጋበዝ የጀመሩት እንዲህ ባለው ዘመን ስለሆነ፣ ግብዣው ራሱ ስምን የመመለስ ሥራ እንደነበረ መናገር ማጋነን አይሆንም።

ከቀደምቶቹ ጉባኤዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1964 በኒው ዮርክ በወጣቶች ተዘጋጅቶ ስፓይደርማንን የሳለው ስቲቭ ዲትኮ የተገኘበት ነበር። ዛሬ ከ130,000 በላይ ሰው የሚያስተናግደው የሳን ዲዬጎ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1970 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሦስት ቀናት ሲካሄድ የተሰበሰበው ሰው 300 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከእንግዶቹ መካከል ደራሲው ሬይ ብራድበሪና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ይገኙበታል። ከርቢ ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ከስታን ሊ ጋር ሆኖ ብላክ ፓንተር የተባለውን አፍሪካዊ ጀግና ለአንባቢ ያስተዋወቀ ሰው ነው። በፈረንሳይ የአንጉሌም ከተማ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1974 ተጀምሯል፤ በዚያም የኮትዲቯር ተወላጇ ማርጌሪት አቡዌት ስለ አቢጃን ሠፈር ልጆች በጻፈችው «አያ» እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት ተቀብላለች። አልጀርስ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ሌጎስ በ2012፣ ጆሃንስበርግ በ2018 የየራሳቸውን ጉባኤ ጀምረዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን ነገሩን ከባዕድ ልማድ ብቻ መጀመር ስሕተት ይሆናል፤ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ በዚህ ምድር ከኅትመት መኪና አስቀድሞ የነበረ ጥበብ ነውና። በቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ላይ የሚሳለው ሥዕል ለአንባቢው የሚነግርበት የራሱ ሰዋስው አለው፤ ጻድቃንና ሰማዕታት ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሳሉ፣ ክፉዎችና ገዳዮች በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሳላሉ፤ በመሆኑም ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በአንድ እይታ ያውቃል። ከተአምረ ማርያም የተወሰደውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያየ ሰው የሥዕሉን ቅደም ተከተል ይበልጥ ይረዳል፤ ሰው ሲበላ፣ ቀጥሎ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ በመጨረሻም 78 ነፍስ በአንዱ ጥርኝ ውኃ በሌላው የሚዛን ጎን ተቀምጦ ውኃው ሲደፋ፣ አንዱ ትዕይንት ሌላውን እየጠራ ይሄዳል። በኋላም በሃያኛው ምዕተ ዓመት የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በሳጥን በሳጥን ከፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል፣ ከየሥዕሉ ሥር የአማርኛ ጽሑፍ እያከሉ መሳል በአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ዘንድ ተስፋፍቷል፤ ለዚህ አሳሳል ፈር ቀዳጅ ተብለው የሚጠቀሱትም ሠዓሊ በላቸው ይመር ናቸው። ከኮሚክ ገጽ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። ልዩነቱ የግድግዳው ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ ስሙን አለመጻፉ ላይ ነው፤ ለትሕትና ሲል ሥራውን ለእግዚአብሔር ትቶ ስለሚሄድ፣ ሥዕሉን ለምእመኑ የሚያብራራው ካህኑ ወይም መምህሩ እንጂ የሳለው እጅ አይደለም። ይህ ትሕትና የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ከሥዕሉ ሥር ቆሞ ሥራውን መማር ለሚፈልግ ልጅ ማንን እንደሚጠይቅ አያሳየውም።

አዲሱ ትውልድ ስሙን መጻፍ ጀምሯል። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተሰኘውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቅርቦ፣ አንድን ወጣት ከተለመደው የአዲስ አበባ ሕይወት አንሥቶ ወደ ልዩ ኃይል ባለቤትነት ያመጣዋል፤ ቀጥሎ የወጣው «ሀዊ» ደግሞ ሴት ጀግና አለው። ከፀሐይ የልጆች ፕሮግራም ጋር ስሟ የሚነሳው ብሩክታዊት ጥጋቡ የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በበኩሉ «ጥበብ ገርልስ» በሚል ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉበትን ታሪክ በአኒሜሽንና በኮሚክ አዘጋጅቷል። የእነዚህ ሥራዎች ዋና ውጤት የአገሬው ልጅ በለመደው ልብስ፣ በለመደው ስምና በለመደው ሠፈር ጀግና ሆኖ በገጽ ላይ መታየቱ ነው።

እንዲህ ያለ ፈጣሪ እንግዳ ሆኖ ሊቀርብ የሚገባው በዋና ከተማ አዳራሽ ብቻ መሆን የለበትም፤ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ሰቆጣ ለዚህ የተመቸ የራሷ አደባባይ አላት። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን፣ በስሟ የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የታወጀ በመሆኑ፣ አብዛኛው ሰው ከተማዋን የሚያውቃት ከችግር ጋር ተያይዞ ነው። በአቅራቢያዋ ያለው ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስና በውስጡ ያረፉት፣ የዋግ ገዥዎች የነበሩት የዋግሹሞች አፅሞች የአካባቢውን ጥንታዊነት ሲመሰክሩ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21 የሚከበረው የሻደይ በዓል ደግሞ የወጣትነቱን ገጽታ ያሳያል። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ሴት ልጆች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር በወገባቸው ዙሪያ አሥረው፣ ተኩለውና ድሪ አጥልቀው፣ ከበሮ እየመቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ወደየቤቱና ወደ አደባባዩ ይወጣሉ፤ ሲጨፍሩ ሣሩ ከወገባቸው ጋር እየተወዛወዘ ለሠዓሊ እጅግ የሚያምር መስመር ይፈጥራል። በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በራያ ሶለል የሚባለው ይኸው ወግ የሚያሳየው ልጃገረዶች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት፣ ሌላው ሰው ተመልካች የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን ነው። በኮሚክ ጉባኤ ሰዎች የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሰው የሚመጡበት ኮስፕሌይ የሚባል ልማድ ሲኖር፣ በሰቆጣ ግን ልጆቹ የሚለብሱት የሌላ ሰው ፈጠራን ሳይሆን የእናቶቻቸውን ጌጥ ነው። እንግዳው ሠዓሊ ሊያስተውለው የሚገባ ሀብትም ይህ ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ በዚህ ቦታ ይነሳል። በዋግ ኽምራ ከአማርኛ ጎን ለጎን የሚነገረው ኽምጣንጋ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ልጆች በደስታ የሚያነቡት ጽሑፍ ግን ከመማሪያ መጽሐፍ አልፎ መብዛት ይኖርበታል። ኮሚክ በአንድ ገጽ ላይ የሚጠይቀው ጥቂት ቃላት ብቻ በመሆኑ ለዚህ ዓይነተኛ መሣሪያ ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን ጨርሶ የንግግር አረፋዎቹን ባዶ ትቶ ቢያመጣ፣ የሰቆጣ ተማሪዎች ንግግሩን በኽምጣንጋ ራሳቸው ሊሞሉት፣ ተመሳሳዩን ገጽም በአማርኛ ሊሞሉትና ሁለቱን ሊያነጻጽሩ ይችላሉ። ቃሉ ረዝሞ ከአረፋው ሲወጣ ማሳጠር፣ አጥሮ ሲቀር ማስፋት ስለሚያስፈልግ፣ ልጁ ሳያውቀው የአርታኢነትን ሥራ ይለማመዳል።

ለእንዲህ ያለው ግብዣ ግዙፍ አዳራሽም ሆነ ደማቅ መብራት አያስፈልግም፤ ከበዓሉ አደባባይ ጥግ የሚቆም አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበር፣ የተጠቀለለ ወረቀትና አሥራ ሁለት እርሳስ ይበቃል። የተጋበዘው ሰው ለመጽሐፍ ሽያጭ ብቻ ሳይሆን ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የልጆችን ሥዕል ለመግለጥና ለማረም ጊዜ እንዲሰጥ አስቀድሞ ቢነገረው፣ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪውም በአዘጋጁ ቢሸፈን መልካም ነው፤ ሠዓሊ በነጻ እንዲሠራ መጠየቅ ከላይ የተጠቀሰውን የባርክስንና የሲግልን ዕጣ መድገም ይሆናልና። ነሐሴ በደጋው ላይ ዝናብ የሚበዛበት ወር ስለሆነ ወረቀቱና ቀለሙ እንዳይረጥቡ ጠረጴዛው በዳስ ሥር፣ ከበሮው ከሚመታበት ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢቀመጥ፣ ልጃገረዶቹ ከጭፈራው ወጥተው ሣሩን ከወገባቸው ሳይፈቱ እንዲሳሉ፣ የተሳለችው ልጅ ስምም ከሳለው ሰው ስም ጋር በገጹ ግርጌ እንዲጻፍ ያመቻል።