ኩላሊቱ ከወጣ በኋላ የሚመጣ መልስ

ከኩላሊት ዕጢ ናሙና ጋር ወደ ፓቶሎጂ ክፍላችን በሚመጣው መጠየቂያ ወረቀት ላይ «የኩላሊት ካንሰር» የሚል ግምት መጻፉ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ይሆናል። በአዋቂ ሰው ኩላሊት ላይ ጠጣር ሆኖ የታየና በሲቲ ስካን ወቅት በደም ሥር የተሰጠውን ቀለም የሳበ ዕጢ ሲያጋጥም፣ ቀዶ ሐኪሙ ካንሰርን መጠርጠሩ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ይህንኑ መልክ ይዞ የሚመጣ፣ ካንሰር ያልሆነ ብርቅ ዕጢ አለ፤ ሽዋኖማ ይባላል።

የሚነሳው ነርቭን ከሚሸፍኑት የሽዋን ህዋሳት ነው። ኩላሊት የራሱ ነርቮች አሉት፤ የደም ሥሮቹን ተከትለው ይገባሉ። ዕጢው ብዙ ጊዜ የደም ሥሮቹ በሚገቡበትና በሚወጡበት በኩላሊቱ በር አካባቢ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ሕመምተኛው ጎኑን ያመው ይሆናል፤ አለዚያም ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሳ በአጋጣሚ ይታያል። ሲቲውም ኤምአርአዩም ከካንሰር በእርግጠኝነት አይለዩትም። ተቆርጦ ጠረጴዛችን ላይ ሲቀመጥም ቢጫ መልኩ ያሳስታል፤ የተለመደው የኩላሊት ካንሰርም ቢጫ ነውና።

ማይክሮስኮፕ ሥር ግን ሌላ ነው። አንዱ ክፍል ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው የላላና ውኃማ ነው፤ ስዊድናዊው ሐኪም ኒልስ አንቶኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ሀ እና ለ ብሎ እንደለያቸው። ጥቅጥቅ ባለው ውስጥ የህዋሳቱ አስኳሎች፣ ወረብ ላይ ፊት ለፊት እንደቆሙ መዘምራን፣ መሐላቸውን ባዶ ትተው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። ፓቶሎጂስቱ ሆሴ ቬሮካይ ይህን የገለጸው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ግልጽ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይላል።

ሁልጊዜ ግን ግልጽ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የቆየ ሽዋኖማ አስኳሎቹ ይተልቃሉ፣ ቅርጻቸውም ይበላሻል፤ የቸኮለ ዓይን ክፉ ካንሰር ነው ብሎ ይፈርዳል። የህዋሳቱን ማንነት የሚያሳዩት ልዩ ቀለሞች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ኤስ-100 እና ሶክስ-10 በሙሉ ዕጢው ላይ ደምቀው ከወጡ፣ የኩላሊት ህዋሳትን የሚያሳየው ፓክስ-8 ደግሞ ካልወጣ፣ ከኩላሊት ካንሰር ርቀናል። ድምቀቱ ራሱ ትርጉም አለው፦ ከነርቭ ሽፋን በሚነሳው ካንሰር ላይ እነዚህ ቀለሞች ብዙ ጊዜ ይደበዝዛሉ ወይም ይጠፋሉ። ካንሰርን ለመለየት የሚያገለግለውን ኬራቲን የተባለ ቀለም ብቻ ማመን አደገኛ ነው፤ ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ የሚበቅሉ ሽዋኖማዎች አንዳንዴ ኬራቲንን ይቀበላሉ።

ይህ ሁሉ እርግጠኝነት በአብዛኛው የሚገኘው ኩላሊቱ ከወጣ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል። ዕጢው በኩላሊቱ በር ላይ ተቀምጦ ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የመርፌ ናሙና ይወሰድ ወይ ብሎ ሐኪሙና ፓቶሎጂስቱ ቢመካከሩ ይገባል እላለሁ። የመርፌ ናሙና ትንሽ ነው፤ ሁሌም መልስ አይሰጥም። መልስ በሰጠ ጊዜ ግን ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ኩላሊቱን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ ማሰብ ይቻላል።

ሪፖርቱም አጻጻፍ አለው። «ካንሰር አይደለም» የሚለው ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ። ቤተሰቡ እስከዚያች ቀን «ኬሞ መቼ ይጀመራል?» እያለ ሲጨነቅ ከርሟልና። ቀለሞቹ በሌሉበት ቤተ ሙከራ ደግሞ በግምት ስም ከመስጠት «እንዝርት መሰል ህዋሳት ያሉት ዕጢ፣ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ናሙናው ያለበት የሰም ብሎክ ለዓመታት አይበላሽም፤ ቀለሞቹ ወዳሉበት መላክ ይቻላል።