ገበሬው ኢያን ስሚዝና ፓርቲዎቹ

አንድ የምክር ቤት አባል ከአንዱ ፓርቲ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ፣ ሰው ሁሉ «ዐሳቡን ለወጠ» ይላል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው፣ ቀድሞ ደቡብ ሮዴዥያ ትባል በነበረችው አገር የተወለደው ኢያን ስሚዝ ከአንድ ጊዜ በላይ ፓርቲ ለውጧል፤ ዐሳቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ስሚዝ የተወለደው በ1919 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያን ጊዜ ሴሉክዌ ትባል በነበረች ትንሽ ከተማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይሮፕላን ነጂ ሆኖ ሲዋጋ በ1943 ግብጽ ውስጥ ተከስክሶ ፊቱ ክፉኛ ቈሰለ፤ በማግሥቱም ዓመት ኢጣልያ ውስጥ ተመትቶ ወድቆ ከአገሩ አርበኞች ጋራ ወራት ቈየ። ጀግንነቱን መካድ አይቻልም። ከዘመቻ ሲመለስ በትውልድ ስፍራው እርሻ ገዛ፤ በ1948ም በሊበራል ፓርቲ ስም ተመርጦ ምክር ቤት ገባ።

እዚህ ላይ የመሬቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1930 የወጣው ሕግ ከአገሩ መሬት ግማሽ ያህሉን ለጥቂቶቹ ነጮች ለይቶ ሰጠ፤ በዚያም ክፍል ጥቁር ሰው መሬት ሊገዛ አይችልም ነበር። የመምረጥ መብት ደግሞ በገቢ፣ በንብረትና በትምህርት ስለሚመዘን፣ ከጥቁሮቹ ለመራጭነት የሚበቁት እጅግ ጥቂት ነበሩ። እንግዲህ ነጩ ገበሬ ድምፁ ከሰፋ መሬቱ እንደሚሄድበት ያውቅ ነበር።

በ1953 ሁለቱ ሮዴዥያዎችና ኒያሳላንድ በፌዴሬሽን ሲጣመሩ፣ ስሚዝ ገዥ ወደ ሆነው የፌዴራል ፓርቲ ተዛወረ። ይህ ፓርቲ በ1961 ከ65 ወንበሮች 15ቱን ጥቁሮች ሊያገኙት የሚችሉበትን ሕገ መንግሥት ደገፈ። ዐሥራ አምስት ወንበር ለአንባቢ ኢምንት ይመስለዋል፤ ለስሚዝ ግን የበሩ መከፈት ነበርና ፓርቲውን ጥሎ ወጣ። በ1962 ከሌሎች ጋራ የሮዴዥያ ግንባርን አቋቋመ፤ ግንባሩም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ምርጫውን አሸነፈ። ስሚዝ በሚያዝያ 1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ኅዳር 11 ቀን 1965ም ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ነጻነት ዐወጀ። ያን ጊዜ ነጮቹ ከሃያ ሰው አንድ ያህል ነበሩ።

በሚቀጥለው ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ እንግሊዝ ዐመፁን ካላስቆመች አባሎቹ ከርሷ ጋራ ግንኙነት እንዲያቋርጡ ወሰኑ። ታንዛኒያና ጋና ቃላቸውን ፈጸሙ፤ ብዙዎቹ ግን ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ደም ያፈሰሰ ጦርነት ሆነ። በ1979 መጨረሻ ለንደን ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ዚምባብዌም ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ነጻ ወጣች። በአዲሱ ምክር ቤት ከ100 ወንበሮች 20ው ለነጮች ተጠብቀው ነበር፤ ስለ 15 ወንበር ፓርቲውን የለቀቀው ስሚዝም ከእነዚህ በአንዱ ተቀምጦ እስከ 1987 ቈየ።