ካንሰርን የሚያዛምተው ቢላ ነው ወይስ ሴሎቹ የሚለዋወጡት መልእክት?

«ቢላ ከነካው ይዛመታል!» ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ቤት የሄደች እናት ናሙና እንድትሰጥ ስትጠየቅ ከዘመድም ከጎረቤትም ብዙ ጊዜ የምትሰማው ምክር ይህ ነው። ምክሩ በክፋት አይሰጥም፤ ከፍቅርና ከፍርሃት የመነጨ ነው። እሷ ግን ምርመራውን ትታ ወደ ቤቷ ስትመለስና ወራት ሲያልፉ እብጠቱ ሥራውን አያቆምም።

በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ከታማሚዎቹ መካከል ብዙዎቹ ለህክምና የሚመጡት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ስለዚህ ካንሰር በእርግጥ እንዴት እንደሚዛመት ማወቅ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው እውቀት አይደለም።

ሰውነታችን የተገነባው እርስ በርስ በሚነጋገሩ ሴሎች ነው። አንዱ ሴል ትንሽ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ሌላው ደግሞ በላዩ ባለው ተቀባይ ፕሮቲን መልእክቱን ይቀበላል። ቁልፍና ጓጉንቸር እንደማለት ነው። ቁልፉ ጓጉንቸሩን ሲያገኝ በሴሉ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች መልእክቱን እየተቀባበሉ እስከ ሴሉ እምብርት ያደርሱታል። መልእክቱ «ተባዛ»፣ «ቁም»፣ «ተንቀሳቀስ» ወይም «ሙት» የሚል ሊሆን ይችላል። ሴሎች እንዲያድጉ የሚያዝዙ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖችን ያገኙት ስታንሊ ኮኸንና ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ጤነኛ የጡት ሴል ከቦታው አይነቃነቅም። ኢ-ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን ከጎረቤት ሴሎች ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ቁስል ሲደርስብን ግን አንዳንድ ሴሎች ይህን ማጣበቂያ አላልተው የተከፈተውን ቦታ ለመሸፈን ይንቀሳቀሳሉ። ጽንስ በማህፀን ሲያድግም ሴሎች ከቦታ ቦታ ይጓዛሉ። ይህን እንቅስቃሴ ከሚያስጀምሩት መልእክተኞች አንዱ ቲጂኤፍ-ቤታ ይባላል። ቁስሉ ሲድን መልእክቱ ይቋረጣል፤ ሴሎቹም ይረጋሉ።

ካንሰር ይህንኑ ለጥቅም የተዘጋጀ ሥርዓት ይጠቀምበታል። በዘረ-መል ጉዳት ምክንያት ጓጉንቸሩ ያለ ቁልፍ ክፍት ሆኖ ሊቀር ወይም ቁጥሩ ከልክ በላይ ሊበዛ ይችላል። ያኔ «ተባዛ» እና «ተንቀሳቀስ» የሚሉት ትእዛዞች ሳያቋርጡ ይመጣሉ። ኢ-ካድሄሪን ይቀንሳል፤ ሴሉም ከጎረቤቶቹ ይላቀቃል። ራክ የተባለው ፕሮቲን የሴሉን ፊት ወደፊት ይገፋል፤ ሮ የተባለው ደግሞ ኋላውን እያኮማተረ ይጎትታል። ሴሉ በዚህ መንገድ ይሳባል። በመንገዱ ላይ ያለውን ሥጋ የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን እያመነጨም ወደ ደም ሥር ወይም ወደ ሊምፍ ቧንቧ ይገባል።

እንደ እድል ሆኖ ወደ ደም የገባ የካንሰር ሴል ሁሉ አይተርፍም። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ወደ ደም ከገቡት መካከል አዲስ እጢ የሚያበቅሉት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። የደም ፍሰቱ ኃይል ይሰብራቸዋል፤ የሰውነት መከላከያም ያጠፋቸዋል። ችግሩ ትልቅ እጢ ሳያቋርጥ ሴሎችን ወደ ደም መልቀቁ ነው። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ከሚለቀቁት አንዱ የመትረፍ እድሉ ይጨምራል።

የተረፉትስ ወዴት ይሄዳሉ? እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላብጦ ነበር። በሽታው ባገኘው ቦታ ሁሉ እንደማያርፍ፣ እንደ ጉበት ያሉ አካላትን በተለይ እንደሚያጠቃ አስተዋለ። የካንሰር ሴል እንደ ዘር ነው፤ የሚበቅለውም የሚስማማው አፈር ሲያገኝ ነው ሲል ደመደመ። ገበሬ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጤፍ የተዘራበት ሁሉ አይበቅልም።

ማብራሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት የጡት ካንሰር ሴሎች ሲኤክስሲአር-4 የተባለ ተቀባይ በብዛት እንደሚይዙ አሳየ። ይህን ተቀባይ የሚጠራው ፕሮቲን ደግሞ በብዛት የሚገኘው በሳንባ፣ በጉበት፣ በአጥንት መቅኒና በንፍፊቶች ውስጥ ነው፤ የጡት ካንሰር የሚዛመትባቸው ቦታዎችም እነዚሁ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ጥሪውን በአይጦች ላይ ሲያፍኑት ወደ ሳንባና ወደ ንፍፊት የሚደረገው መዛመት ቀነሰ።

ይህ እውቀት በቤተ ሙከራ ብቻ አልቀረም። በአንዳንድ ሴቶች የጡት ካንሰር ላይ ኸር-2 የተባለው ተቀባይ ከልክ በላይ ይበዛል። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዲህ ዓይነቱ ካንሰር ቶሎ እንደሚያገረሽ አሳወቁ። ይህን ተቀባይ የሚያግደው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ሆኖም መድኃኒቱ የሚረዳው ኸር-2 የበዛበት ካንሰር ያለባትን ታማሚ ነው። ኸር-2 መብዛቱ ደግሞ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቢላው እንመለስ። ካንሰር ለመዛመት ቢላ አይጠብቅም፤ መንገዱን የሚከፍትለት ራሱ የሚያዛባው መልእክት ነው። በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ሴል ወደ መርፌው መንገድ ሊገባ የሚችልበት አጋጣሚ ቢኖርም እጅግ ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚሹ ጥቂት የካንሰር ዓይነቶችንም ሐኪሞች ያውቋቸዋል፤ አካሄዳቸውንም በዚያው መሠረት ያቅዳሉ። ታዲያ እምነቱ ከየት መጣ? መገመት አያዳግትም። ታማሚዋ ዘግይታ ትመጣለች፤ ቀዶ ጥገናው ሲደረግ በሽታው አስቀድሞ ተዛምቷል። ከወራት በኋላ ስታርፍ ግን ቤተሰብ የሚያስታውሰው የባከነውን ጊዜ ሳይሆን ቢላውን ነው።

የጡት እብጠት ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም። ካንሰር በሚሆንበት ጊዜም ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ስለዚህ አለማመሙ ማረጋገጫ አይሆንም። በጡት ወይም በብብት አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጎድጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካለ ሳይዘገዩ መታየት ይገባል። ሐኪሙ ናሙና ሲጠይቅ ምክንያቱን፣ አወሳሰዱንና ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን መጠየቅ መብታችን ነው። የምንወዳት እናት ወይም እህት ፈርታ ስታማክረን ደግሞ «ቢላ እንዳይነካሽ» ከማለት ይልቅ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» እንበላት።